የመሃሉ ፉርጎ

ሮማንዬ፣

ካጣሁሽ ወዲህ አንድ ገናና አንድ ፋሲካ አልፏል። ሱቁ ደህና ነው። ከጎናችን የነበረው ልብስ ሰፊ ለቆ ሄዶ ቦታውን የስልክ መሸጫ ይዞታል። በሱቃችን ጎዳና በፌርፋክስ መኪና ማቆሚያው ያው ነው፤ ደንበኛ በርበሬ ሊገዛ ይገባል፣ ሲወጣ መኪናው ላይ ቅጣት ተለጥፎ ያገኛል፣ ተመልሶ የሚቆጣው እኔን ነው። ጥለቱ ሰፋ ያለውን ነጠላ አስመጥቼ ነበር፣ ያንን አንቺ «ይሄማ አይሸጥም» ያልሽውን። እውነትሽን ነበር፤ አልተሸጠም። የማድ ቤቱ ቧንቧ ተጠግኗል። እኔም ጤና ነኝ፤ ጨው ቀንሻለሁ።

እንደምታውቂው ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የቀኑን ውሎ በማስታወሻ መጻፍ ልማዴ ነው። ምን ዕቃ ገባ፣ ማን መጣ፣ ማን ከማን ተጣላ። የባቡርሽን ነገር ግን እዚያ ላይ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ማስታወሻዬን የሚያነበው ጌታቸው ብቻ ነው፤ ጌታቸው ደግሞ ለጌታቸው ያደላል። ስለዚህ ላንቺ ልጽፈው። ሌላ ሰው ቢያነበውም አልከለክልም። የሰፈሩ ሰው ግማሹን ሰምቷል፤ የቀረውን ከእኔው ይስማ።

ከአርባሽ ልጀምር።

የሟች ልብስና ዕቃ በስሟ ለሰው እንዲሰጥ ወግ ነው። እኔም ወጉን ፈጸምኩ፤ እንዲያውም አበዛሁት። አርባሽ ከመድረሱ በፊት ቁም ሣጥንሽን ከላይ እስከ ታች ባዶ አደረግሁት። ነጋዴ ነኝ፤ ቆሞ የከረመ ዕቃ ይበላሻል ብዬ አምናለሁ። ቀሚሶችሽን በየልካቸው ለየሁ፣ ጫማዎችሽን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አሰርኩ። ሰው ሲያለቅስ እኔ ካርቶን ላይ ስም እጽፍ ነበር። ሐዘን የምችለው እንዲያ ነው። ይህን የምልሽ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ሌላ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ ሦስት አረንጓዴ የባቡር ፉርጎዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ክንድ የማይሞሉ። ሁለቱ ፊታቸው ላይ እንደ ድመት ጢም ያለ ክሬም ቀለም መስመር አላቸው። ሦስተኛው፣ በመሃል የሚገባው፣ ጢም የለውም። ከሥራቸው የሐዲድ ቁርጥራጭ ተደርድሯል። ከምታስታምሚው እንግሊዛዊ ሽማግሌ ጋር ስትሠሪው የከረምሽው አሻንጉሊት መሆኑ ገባኝ። አዎ፣ አሻንጉሊት ነው ያልኩት። ለልጆች ይሁን ብዬ አለፍኩ።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተዝካርሽ ከተበላ በኋላ አደልኩት። ባለ ጢሙን አንዱን ለሂሩት ልጅ ለቤዛ፣ ሌላውን ለፓርኪንግ ሠራተኛው ለዳንኤል ልጅ ሰጠሁ። የመሃሉ ቀረኝ። ደንበኛችን እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው ዘግይተው መጡ፤ ከአውቶቡስ ወርደው በዚያ ጉልበታቸው እስኪደርሱ ነገር ሁሉ ያልቃል። ባዶ ካርቶኖቹን አገላበጡና «ለእኔስ ከሮማን የሚሆን ምንም አልቀረም?» አሉ። የቀረውን ፉርጎ አንስቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። አዳራሹ በሙሉ መረቀኝ። «እንዲህ ያለ ባል ይባረክ! አንድ ክር እንኳ አላስቀረም!» አሉ ሴቶቹ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በዚያ ምርቃት ለብዙ ቀን ቀና ብዬ ሄድኩበት። ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ከሁሉም በላይ እሱ ነው።

ጾሙ ሲጋመስ፣ ሱፍና ተልባ በሚሸጥበት ሰሞን፣ ጋሽ ኬኔት ሱቅ መጡ። አንቺ «ጋሽ» ብለሽ ስማቸውን አማርኛ ያደረግሽላቸው፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ሴት ልጃቸው ቤት ሆነው ለዓመታት ያስታመምሻቸው ሰው፣ እኔ በቅርብ ያየኋቸው በቀብርሽ ዕለት ብቻ ነበር። ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አስገባቻቸው። እግራቸው ከድቷቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ግን የንስር ነው። ልጃቸው ከእኛ ፋሲካ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ልትወስዳቸው መሆኑን ነገሩኝ።

«እዚያ ሄጄ ልሞት ነው» አሉ፤ የአየር ጠባይ የሚያወሩ ያህል። «ከመሄዴ በፊት ግን የኔንና የሮማንን ባቡር አንድ ጊዜ ሲሄድ ልየው። ተገናኝቶ ሲሄድ አላየሁም። እሷ ቀለሙን ቤት ወስጄ ልጨርሰው ብላ ነበር። አለ አይደል?»

ሮማንዬ፣ በንግድ ቤት «የለም» አይባልም። ደንበኛ ኮረሪማ ቢጠይቅና ባይኖር «ነገ ይገባል» ይባላል እንጂ «የለም» ብለሽ በሩን አታሳይውም። ይህ አመል ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ከአፌ ለመውጣት አሳብ አይጠብቅም።

«አለ እንጂ!» አልኩ። «እሷ እንዳስቀመጠችው ሣጥኑ ውስጥ ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ልጃቸው እጄን ጨብጣ ለቀቅ ማድረግ አቃታት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይዤላቸው እንድመጣ ተቀጣጠርን። ከወጡ በኋላ ቆሜ አሰብኩ። ሦስት ፉርጎ፣ ሦስት ቤት። ዕቃ ማስመለስ መቼም ለእኔ አዲስ ሥራ አይደለም አልኩ። ያ ዕቃ ለሙት ነፍስ የተሰጠ ምጽዋት መሆኑ፣ ምጽዋት ደግሞ እንደማይመለስ፣ ያኔ አልከበደኝም። ብልሃት የሚያልፈው ጉዳይ መሰለኝ።

መጀመሪያ የዳንኤል ቤት ወደ ቫን ናይስ ሄድኩ። ፍሪዌዩ ላይ መኪና ሁሉ ቆመ። እንደዚያ ስንቆም አንቺ የምታወሪው ትዝ አለኝ። ከጋሽ ኬኔት ቤት ስትመለሺ ጫማሽን ሳታወልቂ ነበር የምትጀምሪው። ከዓለም ጦርነቱ በፊት እንግሊዞች ራሱ ሞተር፣ ራሱ ፉርጎ የሆነ ባለ ናፍጣ ባቡር ሞከሩ፤ አፍንጫው ከመሾሉ የተነሣ ሰዉ «የሚበር ሙዝ» አለው አልሽኝ። እኔም «ሙዝ በጅምላ ካልሆነ አያዋጣም» ብዬ ቀለድኩ፤ አንቺም ሳቅሽልኝ። ቀጥለሽ ከጦርነቱ በኋላ ያለውን አወራሽ። በትንሽ የገጠር መስመር ጥቂት ሰው ለማድረስ ከንጋት በፊት እሳት ማንደድ፣ ውሃ መሙላት፣ ጫፍ ሲደርሱ ደግሞ ሎኮሞቲቩን ፈትቶ ማዞር ነበረባቸው። ያን ጊዜ ነው የአውቶቡስ ዓይነት ሞተር ከወለሉ ሥር አስገብተው፣ በሁለቱም ጫፍ የነጂ ክፍል አድርገው፣ ብዙ ፉርጎ በአንድ ነጂ የሚያዝበትን ባቡር ያወጡት። ጋሽ ኬኔት በጎረምሳነታቸው ሥራ የገቡት በዚያ ባቡር ላይ ነበር። ጫፍ ሲደርሱ የመንጃ መያዣቸውን ነቅለው፣ በእግራቸው ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው፣ እንደገና መንዳት ነው። ማዞር የለ፣ መፍታት የለ።

«ሕዝቡ የወደደው ግን እሱን አይደለም» ትይኝ ነበር። ከነጂው ጀርባ መስታወት ነበረና ከፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ሐዲዱ ወደ እሱ ሲመጣ ያያል። ልጅም አዋቂም ለዚያ ወንበር ይሻማ ነበር። አንቺ ይህን የምታውቂው ከወሬ አልነበረም። አባትሽ ድሬዳዋ ላይ የዚያን ባቡር ዘመድ፣ ሊትሪናውን፣ ይነዱ ነበር፤ አንቺም ሕፃን ሆነሽ ከኋላቸው ቆመሽ ሐዲዱ ሲመጣ አይተሻል። ለእኔ የድሬዳዋ ባቡር ጭነት ነበር፤ ጨርቅ የማስጭንበት፣ ፈታሽ የምፈራበት። እዚህ አገርም በፒኮ ጎዳና አውቶቡስ አንቺ ሁልጊዜ ከነጂው ጀርባ፣ እኔ ሁልጊዜ ለመውረድ እንዲቀለኝ ከኋላ በር አጠገብ። የማንተዋወቅ ሰዎች መስለን ስንት ጊዜ ፒኮን አቋርጠናል!

ዳንኤል ቤት ፉርጎው ከሶፋ ሥር ተገኘ። አንድ እግሩ ላልቷል። ዳንኤል ለምን ፈለግከው እንኳ አላለኝም፤ «ጋሼ፣ ኖ ፕሮብለም፣ ያንተው አይደል እንዴ» ብሎ ልጁን እንዲሰጠኝ አዘዘው። ምትክ ይሆናል ብዬ የያዝኩትን ሽሮ ሳወጣ ግን ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ የእትዬ ሮማንን ነገር በሽሮ ልለውጥ? ኖ፣ ኖ፤ መልሰው።» በፍቅር ነው ያለው። ሽሮዬን ታቅፌ ደረጃ ስወርድ ግን እንደ ተያዘ ሌባ ነበርኩ።

የቤዛ ቤት ሚድ ሲቲ ነው። ልጅቱ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ፉርጎው ከእርሳሶቿ አጠገብ ቆሟል። በድመት ጢሙ ምክንያት «ሚሚ» የሚል ስም አውጥታለታለች። የእጅ አምባር እሰጥሻለሁ አልኳት። ዓይኔን አየችና «ኢትስ ናት ፎር ሴል፣ ጋሼ» አለችኝ። እናቷ ከማድ ቤት «ቤዛ! ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» ብላ ጮኸች። የልደት ቀሚስ አስመጣልሻለሁ አልኩ፤ ራሷን ነቀነቀች። በመጨረሻ «ሊጠገን ነው» አልኳት።

«ምኑ ተሰበረ?» ብላ ገለባበጠችው።

«ውስጡ ነው። ከውጭ አይታይም።»

ፊቴን ትክ ብላ አየች። ከዚያ ፉርጎውን በሁለት እጇ አነሣችና «ስትጨርስ ለእኔ ነው የምትመልሰው፣ ኦኬ?» አለች። ኦኬ አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ኖሬ፣ በስምንት ዓመት ልጅ ፊት ከውሸት ሌላ የሚሸጥ ዕቃ አጣሁ።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል።

የእትዬ አስካለን አንዲት ክፍል ታውቂያታለሽ። ፉርጎው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ከዳዊታቸው አጠገብ ተቀምጧል። «ይችን ባየሁ ቁጥር አቤቱ ነፍሷን ማር እላለሁ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ጧትም አያታለሁ፣ ማታም አያታለሁ። በቀን ስንቴ ስሟን እንደምጠራ!» እዚህ ላይ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ከረጢቴን ከፈትኩና ነጠላ አወጣሁ። የትኛውን መሰለሽ? ያንን ጥለቱ ሰፊውን። ከመደርደሪያዬ ያልተነሣውን። ለፉርጎው ምትክ ብዬ እሱን ይዤ ሄጄ ነበር።

በጣታቸው ዳሰሱት። «ጌታቸው፣ ይሄ አልሸጥ ያለህ ነው አይደል?» አሉ። የሽማግሌው ነገር ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፣ ፉርጎዋን ብቻ ይስጡኝ አልኩ። ያን ደካማ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ነጠላውን እንደ ነበረ በደንብ አጠፉት፣ ከረጢቱ ውስጥ መለሱት፣ ከረጢቱን እጄ ላይ አደረጉት።

«ለነፍሷ ብለህ በሰው ፊት የሰጠኸኝን ዛሬ በነጠላ ልትገዛኝ መጣህ? በሚስትህ ነፍስ ላይ ትነግዳለህ?»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። በሩን ከፍተው ያዙልኝ።

አዋቂ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ቀጠሮ ነበረኝ፣ ለቀጠሮ ደግሞ ዕቃ ማቅረብ አለብኝ። ስልኬን ከፍቼ አሮጌ የባቡር ሞዴል ከሚሸጥ ሰው አረንጓዴ ፉርጎ ገዛሁ። ሲመጣ ከሁለቱ ጋር አሰለፍኩት። ቁመቱ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ የመስኮቱ ቁጥር እንኳ አንድ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ብቻ ሌላ ቀለም ነበራት። ማን ያያታል ብዬ አለፍኩ።

ቅዳሜው ደረሰ። የጋሽ ኬኔት ልጅ የምግብ ጠረጴዛውን ባዶ አደረገችልንና ቤቴ የቀረውን ሐዲድ ዘረጋንበት። ቤቱ ግማሹ በካርቶን ታሽጓል። ላልቶ የነበረውን እግር እሷው በሙጫ አጠበቀችው። ሦስቱን ፉርጎ አሰለፍኩና ወደኋላ አልኩ። ሽማግሌው ወንበራቸውን አስጠግተው ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያውን በጣታቸው ነኩና ፈገግ አሉ። የመሃሉ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ የሷ አይደለም» አሉ።

እሳቸው ግን የተቆጡ አይመስሉም፤ ለተማሪ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ያ ባቡር ገና አዲስ በነበረበት ዘመን በጥድፊያ ከብዙ ፋብሪካ ታዘዘ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ሽቦውን እንደ ገዛ መላው ዘረጋ። ስለዚህ በየፉርጎው ጫፍ ላይ ምልክት ተቀባ። ምልክታቸው አንድ የሆኑ ይገናኛሉ፣ አንድ ነጂም ያዛቸዋል። ምልክታቸው የተለያየ ግን መንጠቋቸው ቢያያዝ እንኳ አይግባቡም፤ ነጂው ከፊት ያዛል፣ ከኋላ ያለው ሞተር አይሰማም።

«የእኛ በማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ጎን ቢጫ ምልክት፣ ዳይመንድ ነው። ይሄ ሰማያዊ ካሬ ነው። ሮማን ያንን ዳይመንድ እስኪያምርላት ስንት ጊዜ ጠርጋ እንደገና እንደሣለችው ብታይ! እጄ እምቢ ስላለኝ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሼን እይዝ ነበር። እንዴት አላውቀውም?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ተዝካሩን፣ ምርቃቱን፣ ሽሮውን፣ ለቤዛ የዋሸሁትን፣ የእትዬ አስካለን ነጠላ። ልጃቸው ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ ሻዩን ማስቀመጥም ረሳችው። ስጨርስ ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ሳሉ፤ በኋላ ሳያቸው ለካ ሳል ብቻ አልነበረም፣ ይስቃሉ።

«አንተ ሰው፣ የመሃሉን ለምን ፈለግከው? ይሄ ባቡር ያለ መሃሉ ይሄዳል እኮ! ሞተሩ ያለው ሁለቱ ጫፍ ላይ ነው። ገበያ ቀን ሰው ሲበዛ መሃሉን እናስገባለን፣ ሰው ሲያንስ እናወጣለን። ዋናው ጥቅሙ እሱ ነበር። ሮማን ይህን አልነገረችህም?»

ነግረሽኛል። ሳትነግሪኝ አትቀሪም። አንቺ ቆመሽ ስትነግሪኝ እኔ አጎንብሼ የሱቅ ውሎ እጽፍ ነበር። ያን ምሽት አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ብሰማሽ ኖሮ፣ ሁለቱን ይዤ እሄድ ነበር፤ የዚያችን ደግ ሴት በር በዚያ ከረጢት አላንኳኳም ነበር። እኔ አንቺን አለመስማቴን ያወቅሁት በሰው ቤት፣ በሰው ፊት፣ አንቺን ከእኔ ይልቅ ከሰማ ሰው አፍ ነው።

«ለመሆኑ የመሃሉ የት ነው?» አሉኝ። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር መሆኑን፣ በሱ ምክንያት ስምሽ በጸሎት እንደሚጠራ ነገርኳቸው። «የዚያ ባቡር ዘመዶች ሁሉ ተቆራርጠው ለብረት ሲሸጡ አይቻለሁ» አሉ። «ጸሎት የሚደረግበት ፉርጎ ግን ሰምቼም አላውቅ። እዚያው ይቆይ። ጥሩ ዴፖ፣ ጥሩ ማደሪያ አግኝቷል።»

ሰማያዊ ካሬውን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። ሁለቱን አገናኘን። መቆጣጠሪያውን ልጃቸው ይዛላቸው በሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ገፉት። ባቡርሽ ሄደ፣ ሮማንዬ። ትንሽ እያንቋረረ፣ በካርቶኖቹ መሃል፣ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ። ቆመ። ሳይዞር ተመለሰ፤ ከኋላ የነበረው ጢም ከፊት ሆነ። ሽማግሌው አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ወደ ዓይናቸው ሲመጣ ያዩት ነበር። ደጋግመው አስኬዱት። እኔም አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያን ያህል ዓመት ከፊት ወንበር ምን እንደምታዪ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ ብልሽ ልዋሽሽ ነው፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ በደንብ አላየሁትም።

ልሄድ ስነሣ ጋሽ ኬኔት እጄን ያዙ። «አንድ ነገር እንዳልናገር አስምላኝ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ከምሐላው የምፈታ ይመስለኛል። ባቡሩ ለእኔ አልነበረም። ለአንተ ሱቅ መስኮት ነው የሠራነው። ለገናችሁ ልታቆምልህ ነበር። 'ባሌ የማይሸጥ ነገር አይታየውም፤ ስለዚህ ደንበኛ ይስባል ብዬ አግባባዋለሁ' ትለኝ ነበር። እየሳቀች።»

እንግዲህ ይህ ነው። ለእኔ የተሠራውን፣ ሳላየው፣ ለሰው አድዬ ምርቃት ተቀበልኩበት። በኋላም ያንኑ በሽሮና በነጠላ ልገዛው ከቤት ቤት ዞርኩ። አመሌን ጠንቅቀሽ አውቀሽ፣ ለአመሌ የሚስማማ ብልሃት እንኳ አዘጋጅተሽልኝ ነበር። እኔ ስላንቺ አመል እንዲህ ዓይነት አንድ ነገር አውቅ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ መልሱን ፈራሁት።

ፉርጎዎቹን መለስኩ። ቤዛን «አልተሰበረም ነበር፣ ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። «አውቄያለሁ» አለችኝ። ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ «ልታለቅስ ነበራ!» የዳንኤል ልጅ ደግሞ የፉርጎው እግር መጠገኑን አይቶ አመሰገነኝ፤ ያ ምስጋና የኔ አይደለም አልኩት፣ አልገባውም። እትዬ አስካለ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አሉ። እሳቸው ይቅር እንዳሉኝ ግን አልነገሩኝም፤ በርበሬም የሚገዙት አሁን ከሌላ ሱቅ ነው። ልክ ናቸው። መስኮቱ ላይ ሐዲዱን ብቻ ዘርግቼ ላስቀምጥ አስቤም ነበር። ተውኩት። ሰው አይቶ ደግሞ ሊመርቀኝ ነው፤ አሁን ምርቃት እፈራለሁ።

ጋሽ ኬኔት አገራቸው ገብተዋል። በየቅዳሜው እደውላለሁ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ስለ ባቡር ሲሆን ግን ይበረታሉ። መጀመሪያ ቀን «ምን ልንገርህ?» ሲሉኝ «ለሮማን የነገሯትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው» አልኳቸው። «ረጅም ነው» አሉ። «ጊዜ አለኝ» አልኩ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቀኝ በእጄ ታገሥ እለዋለሁ። አንዳንዱ ተናድዶ ይወጣል። ይውጣ።

በዚህ ዓይነት ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «አልረሳሽም» እንደሚባል አውቃለሁ። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት ወሬሽ ያልሰማሁት ይበዛልና፣ ያልሰማሁትን አስታውሳለሁ ብዬ አልምልልሽም። እማረዋለሁ። ይህን ቃል እሰጥሻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው ስለ አንድ የተዘጋ የገጠር መስመር ሲነግሩኝ ቆም አሉና «ይህን እንኳ ሮማን ነግራህ ይሆናል» አሉኝ።

«ነግራኛለች» አልኳቸው። «እርስዎ ይድገሙልኝ።»

ባልሽ፣
ጌታቸው